መልስ፦ የቲቪ ድራማዬን ወደ ፊልም ብቀይረው ምን ልቀንስ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወሬውን ቀንስ። ቲቪ እኮ ቡና እየተፈላ፣ ልጅ እየጮኸ ነው የሚታየው፤ ሰው ዓይኑን ቢያነሳ እንኳ በጆሮው ይከተላል፣ ለዛ ነው ድራማችን ንግግር የሚበዛው። ሲኒማ ቤት ግን ጨለማ ነው፣ ዓይንህ የትም አይሄድም።

የሩሲያው ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ከ100 ዓመት ገደማ በፊት የአንድ ተዋናይን ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ምስል ጋር አጣበቀው። ተመልካቹ አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን አየበት። ፊቱ ግን ያው ነው! ስሜቱን የሰጠው ንግግር ሳይሆን አጠገቡ የተቀጠለው ምስል ነው።

አንተም ለምሳሌ አንዲት እናት «ልጄ ቀረብኝ» ከምትል፣ ደሴ መናኸሪያ ጭጋግ ውስጥ ቆማ የመጨረሻው የኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፋሪውን ሲያራግፍ፣ እሷ በሩን በሩን ስታይ አሳየን። ከዛ ቁረጠው። ሙዚቃም አትጨምርበት፣ በናትህ።