ፋይል ከማድረግሽ በፊት ለወንድምሽ እንዳትከፍዪ

እህቴ፣ የጻፍሽውን አነበብኩት። 40 ሺህ ዶላር የክሬዲት ካርድ ዕዳ አለብሽ፣ ሜሪላንድ ነሽ፣ ባንክራፕሲ ፋይል ልታደርጊ፣ ማለትም ዕዳሽን በፍርድ ቤት ልታሰርዢ አስበሻል፣ «ሐበሻ ጠበቃ ጠቁሙኝ፣ ምን ላዘጋጅ?» ብለሻል። እኔ ቻፕተር ሰቨን የሚባለው የባንክራፕሲ ዓይነት ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ። ዕዳዬም ካንቺ ይበልጥ ነበር። እኔን ዋጋ ያስከፈለኝን ልንገርሽ።

1. ሐበሻነቱን ተዪው። ዋና ሥራው ባንክራፕሲ የሆነ ጠበቃ ፈልጊ። እኔ «በአማርኛ ይቀለኛል» ብዬ ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ጋ ሄድኩ። የኢሚግሬሽን ፎርም ይሞላል፣ ቲኬት ይቆርጣል፣ ባንክራፕሲም በ400 ዶላር እሠራለሁ አለኝ። ጠበቃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ የባንክራፕሲ ጠበቃ 1,800 ዶላር ሲለኝ 400ው ጣፈጠኝ። ሕጉ እንዲህ ያለ ሰው ቅጽ እንዲተይብ እንጂ የሕግ ምክር እንዲሰጥ አይፈቅድም። የኔው ሰውዬ ግን ምክር አያልቅበትም። «ኢትዮጵያ ያለህን አትጻፍ፣ ማን ያየዋል?» አለኝ። ደሴ ከእህት ወንድሞቼ ጋር የወረስኩት የአባቴ ቤት አለ። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። በመሐላ የሚፈረም ወረቀት ነው፤ ውጭ አገር ያለ ንብረትም ይጻፋል። ጻፍኩት። ትረስቲዋ፣ ማለትም ፋይሌን የምትመረምረውና ለአበዳሪዎቼ ገንዘብ የምትሰበስበው ሴት፣ ሁለት ጥያቄ ጠይቃ አለፈችው። በዚህ እኮራለሁ። በሚቀጥለው ግን አፍራለሁ።

2. ፋይል ከማድረግሽ በፊት ለዘመድ ዕዳ አትክፈዪ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ታክሲ ስገዛ ታላቅ ወንድሜ 5,200 ዶላር አበድሮኝ ነበር። ማርች ላይ የታክስ ሪፈንዴ ሲገባ እንዳለ አስረከብኩት። ባንክ ቢቀርበት አይራብም፤ የወንድሜን ዓይን ግን በምን ዓይኔ አያለሁ? ታክስ ሠሪውም «የቤተሰብህን ጨርሰህ ግባ» ብሎኛል። ኦገስት ላይ ገባሁ። ቅጹ ላይ ባለፈው አንድ ዓመት ለዘመድ የከፈልከው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ «የለም» ተብሎ ተሞልቷል። ሳላነብ ፈረምኩ።

341 የሚሉት፣ ትረስቲዋ በመሐላ የምትጠይቅበት ስብሰባ ቀን ደረሰ። በዙም ነው። መኪናዬን ገበያ ፓርኪንግ ውስጥ አቁሜ፣ ስልኬን መሪው ላይ አስደግፌ፣ መንጃ ፈቃዴንና የሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዴን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ትረስቲዋ ቀኝ እጄን አስነስታ አማለችኝ። ሊያልቅ ሲል የባንክ ስቴትመንቴን እያየች «ማርች ላይ የወጣው 5,200 የት ሄደ?» አለች። ምን ልበል? «ለወንድሜ» አልኩ። ምንም አልተናገረችም። ዝም ብላ ጻፈች።

ለተራ አበዳሪ የከፈልሽውን 90 ቀን፣ ለዘመድ የከፈልሽውን ደግሞ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ያያሉ። ዘመድሽን ከሌሎቹ አስቀድመሻል ከተባለ ገንዘቡን አስመልሰው ለሁሉም ያከፋፍላሉ። የሚጠየቀው ደግሞ አንቺ ሳትሆኚ ወንድምሽ ነው። ለወንድሜ ከትረስቲዋ ደብዳቤ ደረሰው። «እኔን ነው ፍርድ ቤት የምታቆመኝ?» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እናቴ ደሴ ሆና በማግስቱ ሰማች። ያንን ዓመት ፋሲካን ብቻዬን ዋልኩ።

መጨረሻ ላይ ያንኑ 1,800 ያለኝን ጠበቃ ለምኜ ያዝኩት። ቅጹን አስተካከለ፤ ወንድሜም 4,000 በአስር ወር እንዲመልስ ከትረስቲዋ ጋር ተስማሙ። «መጀመሪያ ብትመጣ ዓመቱ እስኪሞላ አቆይህ ነበር» አለኝ። በቃ፣ የ400 ዶላር ብልጠቴ ይኸው ነው።

3. ዕቁብ። እንደምትጥዪ እገምታለሁ፤ የማይጥል ማን አለ? ደርሶሽ ከሆነ ቀሪው ዕዳሽ ነው፣ ካልደረሰሽ ያስቀመጥሽው ንብረትሽ ነው። ሁለቱም ይጻፋል። ጠበቃዬ «ሎተሪ ነው?» ሲለኝ ወረቀት ላይ አስራ ሁለት ክብ ሠርቼ ገንዘቡ እንዴት እንደሚዞር አሳየሁት። አገር ቤት የምትልኪውም እንዲሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ የሰጠሽው ስጦታ ይጠየቃል። የላክሽበትን ደረሰኝ አትጣዪ።

ጠበቃ ስትመርጪ ራሱ ጠበቃው ያነጋግርሽ። አንድ ቢሮ 40 ደቂቃ አስጠብቀውኝ ልጅቷ ስሜን ሳትጠይቅ «ዛሬ ስንት ይዘሃል?» አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ክፍያውን በቅድሚያ ቢልሽ ግን አትቀየሚው። በቻፕተር ሰቨን ፋይል ሲደረግ ያልተከፈለው የጠበቃ ሒሳብም እንደ ሌላው ዕዳ ሊሰረዝ ይችላል። የፍርድ ቤቱ 338 ዶላር ለብቻው ነው።

የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የታክስና የባንክ ወረቀቶችሽን ከአሁኑ ሰብስቢ። ክሬዲት ካውንስሊንግ የሚባለውን ኮርስ ፋይል ከማድረግሽ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ መውሰድ አለብሽ። ከገባሽ በኋላ ሌላ ኮርስ አለ። እሱን የረሳ ሰው ዕዳው ሳይሰረዝ ፋይሉ ይዘጋበታል። እንግሊዝኛው ካስፈራሽ ለ341ዱ በስልክ አስተርጓሚ በነጻ ስለሚሰጥ ጠበቃሽን ቀድመሽ አሳስቢው።

አንድ ነገር ረስቼ። ዕዳሽ ከተሰረዘ በኋላ በፈቃድሽ ለፈለግሽው ብትከፍዪ የሚከለክልሽ የለም። እኔ ለወንድሜ በየወሩ 150 ዶላር እሰጠዋለሁ። እስካሁን 2,100 ደርሷል። ዘንድሮ ለፋሲካ ጠርቶኝ ነበር፤ ሚስቱ ናት የደወለችው፣ ግን ጠርተውኛል።