ሳሎን ውስጥ ሰራውንድ ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ? የድሬና የሐረር ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ድሬዎች፣ ሰላም ሐረሮች። ስለ ቲቪ ክፍል ድምፅ፣ በተለይ ስለ ሰራውንድ (ዙሪያችንን የሚገጠሙ ስፒከሮች)፣ ብዙ ሰው በውስጥ ሲጠይቀኝ ስለቆየ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ድሬ ውስጥ ዲሽና ሳውንድ ስገጥም ብዙ አመት ሆኖኛል፣ ሐረርም እየወጣሁ እሰራለሁ። የምሸጠው እቃ የለኝም፣ ስለዚህ ብትገዙም ባትገዙም ለኔ ያው ነው፣ ብር ከማባከናችሁ በፊት ግን ጠይቁኝ። ጀምሩ አቦ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ሰላም ወንድሜ፣ 55 ኢንች ቲቪ ገዛሁ ምስሉ አሪፍ ነው ድምፁ ግን ቀጭን። ጓደኞቼ ፋይቭ ፖይንት ዋን ሰራውንድ አስገባ እያሉኝ ነው። ሳሎኑ 4 በ4 ነው፣ ሶፋው ግድግዳ ተደግፏል። ላስገባ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገረኝ፣ ከፍተህ የምታየው ምንድነው? የሀገር ውስጥ ቻናል፣ ድራማ፣ ዩቲዩብ ከሆነ አብዛኛው የሚመጣው በሁለት የድምፅ ቻናል፣ በግራና በቀኝ ብቻ ነው፣ ስቴሪዮ ማለት ነው። አምስት ስፒከር ሰቅለህ ስቴሪዮ ስትለቅበት ወይ የኋላዎቹ ዝም ይላሉ ወይ አምፕሊፋየሩ ከራሱ ፈጥሮ የፊቱን ድምፅ ወደ ኋላ ይረጨዋል፣ ያኔ ዜና አንባቢው ከጀርባህ የሚያወራ ይመስልሃል። ሰራውንድ ዋጋ የሚኖረው ከመጀመሪያው በስድስት ቻናል የተሰራ ፊልም ስታይ ነው፣ ኔትፍሊክስ ላይ ያሉት ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው፣ በፍላሽ የምናስጭነው ፊልም ግን ፋይሉ እንዲያንስ ተብሎ ድምፁ ወደ ሁለት ቻናል የተጨመቀ ብዙ ነው።

አምስቱ ምን ምን እንደሆኑ ለማያውቅ፦ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ፣ መሀል ላይ ሴንተር፣ በጎንና በጎን ትንሽ ወደ ኋላ ያሉ ሁለት ሰራውንድ፣ ነጥብ አንዷ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን የሚያወጣው ሳብዉፈር (ሳብ) ነው። ከሁሉም የምትከበረው ሴንተሯ ናት ምክንያቱም የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከሷ ነው።

አሁን ክፍልህ። ወንድሜ ካሬ ክፍል ለቤዝ ክፉ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ከግድግዳ ግድግዳ 4 ሜትር ሲሆን 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቤዝ እየተመላለሰ ራሱን ያበዛል፣ ርዝመቱም ወርዱም እኩል ስለሆነ ሁለቱም አቅጣጫ እዛችው ላይ ይደራረባሉ። ግድግዳ ተደግፈህ ስትቀመጥ ጆሮህ የሚያጉረመርምበት ቦታ ላይ ነው፣ ተነስተህ ክፍሉ መሀል ስትቆም ደግሞ ያው ቤዝ ይጠፋብሃል። ሶፋውን 50፣ 60 ሳንቲም ወደፊት ሳበው፣ ይሄ ምንም ብር አያስወጣም፣ ከብዙ እቃ የበለጠ ይለውጣል።

እኔን ካልከኝ ዛሬ አምስቱን አትግዛ። ብር ካለህ ባለ አምስት ቻናል አምፕሊፋየር ያዝና ሁለት ጥሩ ስፒከር ብቻ ሰክተህ አንድ ሁለት ወር ስማ። ከዛ ሴንተር፣ ከዛ ሳብ፣ የኋላዎቹ መጨረሻ። ግማሹ ሰው ሁለቱ ላይ ይረካና እዛው ያቆማል።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ወንድሜ እኔ ሰራውንድ ምናምን አይደለም ያስቸገረኝ፣ ድራማ ሳይ ንግግሩ አይሰማኝም ስጨምረው ሙዚቃው ቤቱን ያፈርሰዋል። ሳውንድ ባር፣ ያ ቲቪ ስር የሚቀመጠው ረጅም ስፒከር፣ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ ይሄ የሁላችንም ችግር ነው፣ ጆሮሽ ምንም አልሆነም። የዘንድሮ ቲቪ ቀጭን ስለሆነ ስፒከሩን ከስር ነው የሚያደርጉት፣ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ጠረጴዛውንና ሴራሚኩን መትቶ ነው አንቺ ጋ የሚደርሰው። ቤታችን ደግሞ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለል፣ ሰፊ መስታወት። እስቲ አሁን ተነሽና ሳሎኑ መሀል ቆመሽ አንዴ ጮክ አድርገሽ አጨብጭቢ። ከጭብጨባው በኋላ እንደ ቆርቆሮ "ዝርርር" የሚል ነገር ከሰማሽ በየቃሉ ላይ ያ ጭራ ተጎትቶ የሚቀጥለውን ቃል እየሸፈነብሽ ነው። "መጣ" እና "ወጣ" የማይለየው ለዛ ነው። ቲቪው ፊት ወፍራም ምንጣፍ አንጥፊ፣ መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ በደንብ ሸብሽበሽ ስቀዪ፣ ከቲቪው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ባዶ ከሆነ ጨርቅ ያለው ነገር ይኑርበት። ከዛ ደግመሽ አጨብጭቢ። ያ ጭራ ካጠረ በኋላም ንግግሩ ካስቸገረሽ ያኔ ሳውንድ ባር ግዢ፣ ስትገዢም የመሀል ቻናል ያለው መሆኑን ጠይቂ። የቲቪው ድምፅ ሴቲንግ ውስጥ "ናይት ሞድ" ወይም ንግግር የሚያጎላ ምርጫ ካለ እሱንም ሞክሪው፣ ጩኸቱን ዝቅ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርገዋል።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ታይዋን ገበያ 5000 ዋት ተብሎ የተፃፈበት ሆም ቴአትር አየሁ፣ ዋጋው ግን ርካሽ ነው። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ፒኤምፒኦ የሚል ፊደል ታገኛለህ፣ እሱ ማለት ለቅፅበት በወረቀት ላይ የተሰላ ቁጥር ነው ለጆሮ ምንም አይነግርህም። እቃውን ገልብጠውና ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ፅሁፍ አንብባት፣ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ትልና ቀጥላ ስንት ዋት ከመብራት እንደሚስብ ትናገራለች። 60 ዋት ከሳበ ያለማቋረጥ ከ60 በላይ ሊያወጣ አይችልም፣ የሌለውን ከየት ያመጣል? ደሞ ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ እጥፍ አይሆንም፣ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ልብ ብለህ ካልሰማህ የማታስተውላት ጭማሪ ናት። ለሳሎን 50 ዋት እውነተኛ በቂ ነው።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጀጎል)፦ የኛ ቤት የጥንቱ ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ነው። ወንድሞቼ ፊልም ቤት እናድርገው ይላሉ፣ እናቴ ግድግዳው አይበሳም ብላለች። ይሆናል?

መልስ፦ እናትህ ልክ ናቸው፣ አይበሳም። ግን ልንገርህ፣ እኔ ከገጠምኩባቸው ቤቶች ሁሉ ድምፅ በጣም ያማረልኝ እንደናንተ አይነት ቤት ውስጥ ነው። ነደባው (ከፍ ብሎ የተሰራው መደብ) ላይ ምንጣፍና ትራስ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌትና ሳህን፣ ከፍና ዝቅ ያለው መቀመጫ፣ እነዚህ ሁሉ ድምፁን ይበትኑታል ይመጥጡታል። አጨብጭብ፣ ዝርርር የለም። አዲስ ቤት የሰራ ሰው ይሄንን ለማግኘት ግድግዳ ላይ ስፖንጅ ይለጥፋል።

ችግሩ አንድ ነው፣ ነደባው ግድግዳው ጋ ስለሆነ ከጀርባህ ቦታ የለም። ስለዚህ ሁለቱን ሰራውንዶች ኋላ ሳይሆን በትክክል በግራና በቀኝ ጎን፣ በእግር ማቆሚያ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ አድርገህ አስቀምጥ። ሽቦው በምንጣፍ ስር ይሂድ፣ ጠፍጣፋ የስፒከር ገመድ አለ ሲረገጥም አይታወቅም። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ቤዙን አያስወጣም ይመልሰዋል፣ ሳቡ ትንሽ ይሁን፣ ጥግ ውስጥም አትጎስረው። የሳህኖቹ ጀርባ ላይ ትንሽ ጨርቅ አድርግ፣ አለዚያ ቤዝ በመጣ ቁጥር ይንቀጫቀጣሉ።

ጥያቄ (ከአዲስ ከተማ)፦ አጎቴ ከጃፓን ኤቪ ሪሲቨር ልኮልኛል። ሰክቼ ልጠቀም?

መልስ፦ እንዳትሰካው!! ኤቪ ሪሲቨር ሲባል የዲሹ ሪሲቨር እንዳይመስላችሁ፣ አምፕሊፋየሩ ነው። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው የኛ 220። እኔ ስራ በጀመርኩ ጊዜ አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ አምፕ ይዞ መጣ፣ ጀርባውን ሳላይ ሰካሁት። "ጢው" የሚል ድምፅ፣ ከዛ በላይኛው ቀዳዳ ቀጭን ጭስ፣ ከዛ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ፣ ሶስት ሰከንድ አልፈጀም። ሰውየው ለስንት ጊዜ ቆጥቦ ያመጣው እቃ ነበር፣ ፊቱን እስከዛሬ አልረሳውም። ከፍዬዋለሁ በየወሩ እየቆረጥኩ። ከዛ ቀን ወዲህ ጀርባውን ሳላነብ የነካሁት እቃ የለም። አንተ ከ220 ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፣ አምፑ 400 ዋት የሚስብ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ 600፣ 700 ይሁን፣ ለአሜሪካ ተብሎ ወደ 110 የሚያወርደው ደግሞ ለጃፓን እቃ ትንሽ ይበዛበታል።

ጥያቄ (ከለገሀሬ)፦ ሁለት ብሉቱዝ ስፒከር አለኝ ከኋላ ባደርጋቸው ሰራውንድ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል፣ ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ቃሉ ከኋላህ ይመጣል። ለዘፈን ተጠቀምባቸው።

ጥያቄ (ከነምበር ዋን)፦ የኛ ሳሎን አረቢያን መጅሊስ ነው፣ መሬት ነው የምንቀመጠው። ለበርጫም ለፊልምም እዛው ነው። ስፒከሩን የት ልስቀል?

መልስ፦ ይሄን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል፣ ድሬ ውስጥ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሰው ስፒከር ሲገጥም ኮርኒሱ ስር ይሰቅለዋል ልክ እንደ ካፌ። አንተ ግን መከዳ ተደግፈህ ስትቀመጥ ጆሮህ ከወለሉ 70፣ 80 ሳንቲም ላይ ነው። ትዊተሯ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ፣ እዛው ጆሮህ ከፍታ ላይ መሆን አለባት፣ ወይ ደግሞ ወደ አንተ መዘንበል አለባት። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደፊት ነው የሚሄደው፣ ከጭንቅላትህ በላይ ካለፈ አለፈ። ቲቪውም ዝቅ ይበል፣ አንገታችሁን ታድኑታላችሁ። መጅሊስ ራሱ ደግሞ ጨርቁና ስፖንጁ ድምፅ ስለሚመጥ ካጨበጨብክ ቤትህ ከብዙ ሶፋ ቤት የተሻለ ነው።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ አስገብቻለሁ፣ በኤችዲኤምአይ ነው ያገናኘሁት፣ የኋላዎቹ ግን ትንፍሽ አይሉም።

መልስ፦ ሶስት ነገር እይ። ገመዱ ቲቪው ላይ "ኤአርሲ" የሚል የተፃፈበት ቀዳዳ ላይ ነው? ሌላው ቀዳዳ ድምፅ አያወጣም። ሁለተኛ የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ መውጫው "ፒሲኤም" ላይ ከሆነ ወደ ስቴሪዮ ቀይሮ ነው የሚልክልህ፣ "ቢትስትሪም" ወይም "አውቶ" አድርገው። ሶስተኛ የምታየው ነገር ራሱ ስቴሪዮ ነው ወይ፣ አምፑ ፊት ላይ "ዶልቢ ዲጂታል" የሚል ፅሁፍ ሲመጣ ብዙ ጊዜ እውነተኛው መጥቷል ማለት ነው።

ጥያቄ (ከከዚራ፣ ሌላ ሰው)፦ ስለ ሙቀቱና ስለ መብራቱስ?

መልስ፦ ግንቦትና ሰኔ ላይ የኛን ከተማ ታውቁታላችሁ። አምፕ በራሱ ምድጃ ነው፣ ቡፌ ውስጥ መስታወት ዘግታችሁበት አታስቀምጡት፣ ከላዩ ቢያንስ 10 ሳንቲም ክፍት ይሁን፣ ሪሲቨርም ዳንቴልም አይደረብበት። አቧራውን በየወሩ በደረቅ ብሩሽ አውጡት። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉት፣ እቃ የሚገድለው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ነው፣ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ስኩት። ቬንትሌተሩ የሚነፋ ከሆነ ደግሞ ፊልሙ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ድምፅ ስለሚውጣት እሱን ስታስቡ ውድ ስፒከር ላይ ብዙ አታውጡ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ጎረቤት ጋ በአንድ ግድግዳ ነው የምንኖረው። ሳብ ባስገባ ይጣሉኛል?

መልስ፦ ቤዝን ተራ የብሎኬት ግድግዳ አያቆመውም። ሳቡን ከጋራው ግድግዳ አርቀው፣ ስሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ አድርግ፣ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ አጥፋው። ከመግዛትህ በፊት ግን ሄደህ ንገራቸው፣ ከፍተህም አንተ እነሱ ቤት ተቀምጠህ ስማው፣ እስከ ስንት ድረስ እንደማይረብሻቸው አብራችሁ ለዩና እዛች ቁጥር ላይ ምልክት አድርግ። ሰላም የሌለው ፊልም ምን ያደርጋል።

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ የመጀመሪያው)፦ ሶፋውን ሳብኩት፣ እውነትም ተለየ። የድሮ ስቴሪዮ አውጥቼ ሁለቱን ስፒከር ከቲቪው ጋር አገናኘሁ ግን ቤዙ ጠፋ፣ ድምፁም መሀል ላይ አይቆምም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም፣ የአንዱን ሽቦ ገልብጠኸው ነው። አንዱ ስፒከር ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ሲስብ ቤዙ ይጠፋፋል። ቀለሙ ለቆ ፕላስና ማይነሱ ካልታወቀህ የሪሞት ባትሪ አንድ አውጣ፣ ስፒከሩን ከአምፑ ንቀለውና ሁለቱን ሽቦ ባትሪው ጫፍና ጫፍ ላይ ለቅፅበት ንካው። ትልቁ ክብ ወደ ውጪ ብቅ ካለ የባትሪው ፕላስ የነካው ሽቦ ፕላስ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ገልብጠው። ሁለቱንም እንደዛ ለይተህ በአንድ አይነት ስካና አሁኑኑ ንገረኝ፣ እየጠበቅኩህ ነው።