ስለ አቦርጂኖች የመሬት ሙግት መዛግብት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች (አቦርጂኖችና የቶረስ ሰርጥ ደሴቶች ሰዎች) የመሬት መብት መዛግብት የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። የመጡት እነዚህ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ርስታቸው በወረቀት ያልተመዘገበላቸው ሰዎች መሬቱ የእኛ ነው ብለው በምን ያስረዳሉ?

መልስ፦ በቃል፣ በዜማ፣ በሥዕል። በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ያሉ ሽማግሌዎችና እናቶች በ1997 ንጉራራ የተባለውን 8 በ10 ሜትር የሚሆን ሸራ አብረው ሳሉ። ሁሉም የየራሱን የውሃ ጉድጓድ በቦታው አኖረ። ይዞታውን የሚያጣራው አካል ፊት ሸራው መሬት ላይ ተነጠፈ። ከዚያ ተናጋሪው ይነሳል፣ ሸራው ላይ የገዛ አገሩ ያለበት ቦታ ሄዶ ይቆማል፣ በገዛ ቋንቋው ይናገራል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። መብታቸው በ2007 በፍርድ ቤት ታወቀላቸው። አንዳንዶቹ ሳያዩት አልፈዋል።

ጥያቄ፦ ፓርላማ ውስጥ በዛፍ ቅርፊት ላይ ያለ አቤቱታ አለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በሰሜን አውስትራሊያ በዪርካላ የሚኖሩት ዮልንጉ የተባሉ አቦርጂኖች በ1963 መሬታቸው ለቦክሳይት (አሉሚኒየም ለሚወጣበት) ማዕድን ሲቆረስ ያቀረቡት ነው። በታይፕ የተጻፈውን ወረቀት ቅርፊት ላይ ለጥፈው ዙሪያውን የየጎሳቸውን ሥዕል ሳሉበት። ለእነሱ የይዞታ ማረጋገጫው ሥዕሉ ነው።

ጥያቄ፦ በመሬት ሙግቱ የታወቀው የኤዲ ማቦ ወረቀቶችስ?

መልስ፦ ካንቤራ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ማቦ ግን የቶረስ ሰርጥ ደሴቶች ሰው ነው፤ አቦርጂን አትበሉት።

ጥያቄ፦ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊትላም የጉሪንጂ አቦርጂኖች መሪ በነበሩት በቪንሰንት ሊንጊያሪ እጅ ላይ አፈር ሲያፈሱ የሚታየው የ1975 ፎቶ የተቀነባበረ ነው አሉ?

መልስ፦ መሬቱ ለጉሪንጂዎች የተመለሰበት ርክክብ የተደረገው ጥላ ሥር ነበር። ፎቶ አንሺው መርቪን ቢሾፕ፣ ራሱም አቦርጂን ነው፣ ብርሃን ወዳለበት ወጥተው እንዲደግሙት ጠየቃቸው። አፈሩም ርክክቡም እውነት ናቸው። ይህ ታሪክ ከፎቶው ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ስካን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ አይሻልም?

መልስ፦ በፍጹም! ወንዶች ብቻ ወይም ሴቶች ብቻ የሚሰሙት ምስክርነት አለ። ፍርድ ቤትም ገደብ ይጥልበታል። በብዙ ማኅበረሰብ የሟች ስምና ምስል እንደፈለጉ አይነሳም። ማን ይስማ የሚለውን የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሽማግሌዎች ድምፅ ያለበት አሮጌ ካሴት እጃችን ላይ አለ። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ካሴቱ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ፤ በስህተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ከዚያ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ የትና በምን ቋንቋ እንደተናገረ፣ ማን መስማት እንደሚችል ጻፉ። ድምፁን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ዛሬውኑ አድርጉት።