የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ኡር» ወይስ «ሽቱንደ»?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤቴ ጀርመን አገር ነው። እሱ ጋ ለመሄድ የጀርመንኛ ቋንቋ የኤ1 (የመጀመሪያ ደረጃ) ፈተና ማለፍ ስላለብኝ ቤቴ ሆኜ እያጠናሁ ነው። መዝገበ ቃላቴ «ኡር»ንም «ሽቱንደ»ንም «ሰዓት» ብሎ ያልፋቸዋል፤ «ሚተን»ንና «ፈርሚተን»ን ደግሞ ሁለቱንም «ኪራይ» ይላቸዋል። የቱን የት ልበል? ባለቤቴን ስጠይቀው «ስትመጪ ይገባሻል» ነው መልሱ።
ሐ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ሳትመጪም ይገባሻል፤ ቀድሞ ቢገባሽም ይሻላል። አማርኛችን «ሰዓት» የሚለውን አንድ ቃል ሦስት ቦታ ያሠራዋል፦ እጃችን ላይ የምናስረውን፣ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ስንል የምንጠይቀውን፣ «ስንት ሰዓት ፈጀ?» ስንል የምንቆጥረውን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ኡር» ናቸው፤ ሦስተኛው «ሽቱንደ» ነው። ኮርሱ በጀርመኖች አቆጣጠር በሦስት ሰዓት ከጀመረ «ኡም ድራይ ኡር»፣ ሦስት ሰዓት ከፈጀ «ድራይ ሽቱንደን»። ከተጠራጠርሽ ወደ ደቂቃ ለውጪው። «180 ደቂቃ ይፈጃል» ብለሽ ትርጉም ከሰጠሽ ሽቱንደ ነው። የትምህርት ሽቱንደ ግን 45 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እዚህ ስትመጪ «600 ሽቱንደ» የቋንቋ ኮርስ ቢሉሽ በእጅ ሰዓትሽ 450 ሰዓት ነው።

ያልጠየቅሽኝን ግን ልንገርሽ፤ እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ፍራንክፈርት በገባሁ በሁለተኛው ወር ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በስልክ ቀጠሮ ተሰጠኝ፤ «ሃልፕ ኖይን» ተባልኩ። ሃልፕ ግማሽ፣ ኖይን ዘጠኝ፤ ዘጠኝ ተኩል ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። በሰዓቱ ደረስኩ ብዬ ስገባ ቀጠሮዬ ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ የዚያን ቀን ባቡር ውስጥ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ለካ ጀርመኖች በ«ሃልፕ» የሚጠሩት ያለፈውን ሳይሆን የሚመጣውን ሰዓት ነው፤ ዘጠነኛው ሰዓት ተጋምሷል እንደማለት። ስለዚህ «ሃልፕ ኖይን» ስምንት ተኩል ነው። በኛ አቆጣጠር ደግሞ ጠዋት ሁለት ተኩል! ጆሮሽ ዘጠኝ ይሰማል፣ ስልክሽ 8:30 ያሳያል፣ ልብሽ ሁለት ተኩል ይላል። እባክሽ ቀጠሮ ሲሰጥሽ አትፈሪ፤ «አኽት ኡር ድራይሲሽ?» ብለሽ ደግመሽ ጠይቂ፣ ጻፊውም።

ወደ ኪራዩ ስንመጣ አማርኛሽ ይረዳሻል። «ሚተን» መከራየት፣ «ፈርሚተን» ማከራየት ነው፤ «ሚተር» ተከራይ፣ «ፈርሚተር» አከራይ። «ካውፈን» መግዛት ሲሆን «ፈርካውፈን» መሸጥ የሆነውም በዚሁ መንገድ ነው። «ፈር» ባየሽበት ሁሉ ግን እንዲህ አይምሰልሽ፤ «ሽቴየን» መቆም ነው፣ «ፈርሽቴየን» ግን መረዳት። ከሁሉ «ላየን»ን ተጠንቀቂ፤ መዋስም ማዋስም እሱ ነው። «ኢሽ ላየ ዲር» ካልሽ አዋስሻለሁ፣ «ኢሽ ላየ ሚር» ካልሽ እዋሳለሁ። በአንዲት ፊደል ሰጪው ተቀባይ ይሆናል፤ ስለዚህ «ዲር»ና «ሚር»ን ጮክ ብለሽ ተለማመጃቸው።

የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንሽ «ዜ» የሚለውንም ልጨምርልሽ። «ዴር ዜ» ሐይቅ ነው፣ «ዲ ዜ» ባሕር። ቦደንዜ ሐይቅ ስለሆነ «ዴር»፣ ኖርድዜና ኦስትዜ ባሕር ስለሆኑ «ዲ» ይባላሉ። እኛ ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለናት ስለኖርን ይህ ልዩነት በቀላሉ ያመልጠናል። የቃል ፈተናው ላይ ራስሽን ስታስተዋውቂ የት እንደምትኖሪ መናገርሽ አይቀርም፤ «ኢሽ ቮነ ኢን ባሕር ዳር፣ አም ታናዜ» በዪ። «አን ዴር ዜ» ካልሽ ግን ባሕሩ ዳር ማለት ነው (እዚህ ከ«አን» በኋላ «ዲ» ወደ «ዴር» ስለሚለወጥ)፤ ፈታኙ ቤትሽ ቀይ ባሕር ዳርቻ ያለ ይመስለዋል።