ለቶም ሮቢንሰን ያለቀሰ ክፍል

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው፣ ደብረ ብርሃን ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ክለብ። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢያቸውን ተከናንበው እየተሰበሰቡ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»ን በቴሌግራም በተላላኩት ፒዲኤፍ ሲያነቡ ከርመዋል። ያላነበባችሁት እንዳትቸገሩ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ሀርፐር ሊ የምትባል የአላባማ ሴት የጻፈችው ልብወለድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ወጥቶ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት ወሰደ፣ ታሪኩ ግን በ1930ዎቹ ውስጥ ነው የሚካሄደው። የምትተርክልን ስካውት የምትባል ትንሽ ልጅ ናት። አባቷ አቲከስ ፊንች ጠበቃ ነው፣ ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ሰራተኛ ነጭ ሴት ደፍሯል ተብሎ በሐሰት ይከሰሳል፣ አቲከስ ይሟገትለታል፣ ይሸነፋል። (መጨረሻውን አበላሸህብን እንዳትሉኝ፣ መጽሐፉ ከወጣ 60 ዓመት አልፎታል እኮ።)

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ነዎት? የክለባችን ልጆች ቶም ጥፋተኛ ነህ ሲባል አብዛኞቻችን አለቀስን፣ እኔም ጭምር፣ ወንድ አያለቅስም ይሉ የነበሩት ሁሉ ማለት ነው። ሁላችንም አቲከስ ጀግና ነው ስንል አንድ ልጅ ብቻ «ምን ሰራና? ተሸነፈ እኮ» ብሎ ክርር አለ፣ እስካሁን አንነጋገርም። ማነው ልክ? — 11ኛ ክፍል፣ ደብረ ብርሃን

መልስ፦ መጀመሪያ ታረቁ። ልጁ ያነሳው ጥያቄ ሞኝ ጥያቄ አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ ራሱ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚወቅሰው በዚህ ነው፣ ታሪኩ የጥቁር ሰው መከራ ሆኖ ሳለ ጎልቶ የሚታየው ነጩ ጠበቃ ነው፣ ቶም እኮ ምስክር ሆኖ ከቀረበባት ሰዓት ውጪ ድምፁን ብዙም አንሰማውም፣ የሚሞተውም ከመድረክ ውጪ ነው፣ ከእስር ቤት ሊያመልጥ ሲል 17 ጥይት መቱት የሚለውን በወሬ ነው የምንሰማው።

ግን አቲከስ ምንም አልሰራም ማለት ደሞ ችሎቱን በደንብ አለማንበብ ነው። ደፈረኝ ያለችው ሴት ሜየላ የተመታችው በቀኝ የፊቷ በኩል ነው፣ ፊት ለፊት ቆሞ እዛ ጋ የሚመታ ሰው ግራኝ መሆን አለበት፣ አቲከስ አባትየውን ቦብ ዩዌልን እስቲ ስምህን ጻፍ ብሎ ወረቀት ሲሰጠው በግራ እጁ ጻፈ፣ የቶም ግራ እጅ ደግሞ በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን በልቶት የሞተ እጅ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? አስራ ሁለቱ ዳኞች ግን (ጁሪ የሚሏቸው ተራ የሀገሬው ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ወንድ፣ ያኔ አላባማ ውስጥ ሴት በጁሪ አትቀመጥም ነበር) ፈረዱበት።

እኔ የምላችሁ፣ ቶምን የገደለው የማስረጃ ማነስ አይደለም፣ አንድ ቃል ነው። ዐቃቤ ሕጉ ያለ ክፍያ ለምን ታግዛት ነበር ብሎ ሲጠይቀው ቶም የዋህ ነውና «አዘንኩላት» አለ፣ ቤቱ ሁሉ ቅር አለው። እስቲ በኛ ቋንቋ አስቡት፣ ማዘን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፣ ጌታ ለሎሌ ያዝናል፣ ሎሌ ለጌታ ልጅ አዘንኩላት ካለ ግን ከቦታው ወጣ ማለት ነው። እዛ ገጽ ላይ ተመለሱና እንደገና አንብቡት፣ ያ የተኳረፋችሁት ልጅ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ይሄን ስሜን እንዳያወጡት። በዛ ውይይት ላይ መጨረሻ አካባቢ እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ «ተመስገን ነው እኛ ሀገር ሰው በደሙ አይናቅም» አልኩ፣ ሁሉም አጨበጨበልኝ፣ አንዲት ልጅ ግን ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። እናቷ ሸክላ ሰሪ ናት። በኋላ ጓደኛዋ እንደነገረችኝ «እናቴ የሰራችው ምጣድ እነሱ ቤት ጉልቻ ላይ አለ፣ እኔን ግን አንድ ቀን ግቢ ብዪ ብለውኝ አያውቁም» ብላለች። ጋሼ እውነቷን ነው፣ ምጣዱ እኛ ቤት አለ። ልጅ ሆኜ እናቴ የሷ እናት በደጅ ስታልፍ ምግብ ከያዝኩ ዞር በል ትለኝ ነበር። አሁን ክፍል ውስጥ ቆሜ ይቅርታ ልበላት? ወይስ ባልሰማ ልተወው? — ያጨበጨቡለት

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ቀን ኪሴ ይዤው ዞርኩ።

እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ኩበት ጭስ ውስጥ ያደግኩ። አያቴ ነፍሷን ይማረውና ደግ ሴት ነበረች፣ መነኩሴ አብልታ አትጠግብም፣ ግን ጋን ልትሸጥ የመጣችውን ሴት ከደጅ አታሳልፋትም ነበር፣ ዋጋ የሚከራከሩት በረት አጥር ላይ ሆነው ነው፣ እንጀራው ወዲያው ይከደናል፣ እኛ ልጆቹ ወደ ጓዳ እንባረራለን። ለምን ስንል «አይኗ» ይሉናል፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። ያን ጋን ግን አጥባ አጥና ጠላዋን የምትጠምቅበት እሷው ናት፣ ያንኑ ጠላ ለቄሱም ለዳኛውም ትቀዳለች። ከሴትየዋ እጅ የወጣው ጭቃ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለዝክር ሲደርስ ሴትየዋ ቤታችን ደጅ አትደርስም። ይሄንን ያኔ አንድም ቀን ነገሬ ብዬው አላውቅም፣ ነገሬ ያልኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ይሄንኑ መጽሐፍ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ነው።

የትኛው ገጽ ላይ መሰለህ? ሁሉም ሰው ስታተስ ላይ የሚለጥፋት አቲከስ ሰውን ለማወቅ ቆዳው ውስጥ ገብተህ ሂድ የሚላት ነገር ላይ አይደለም። ችሎቱ ውስጥ ነጮቹ ከታች ናቸው የሚቀመጡት፣ ጥቁሮቹ ከላይ ሰገነት ላይ ነው የሚታጨቁት፣ እነ ስካውት ከታች ቦታ ሲያጡ ቄስ ሳይክስ ወደ ሰገነቱ ይዟቸው ይወጣል። እዛ ሲደርሱ አራት ጥቁሮች ከፊተኛው ረድፍ ተነስተው ለልጆቹ ቦታ ይለቃሉ። በቃ፣ አንድ አረፍተ ነገር ናት፣ ታልፋለች። ተገፍተው በተሰጣቸው ቦታ እንኳ ለነጭ ልጅ ተነሱ። ስካውትም ቁጭ ትላለች፣ ምንም አይሰማትም፣ ክፉ ስለሆነች አይደለም፣ ሁሌም ሰው ሲነሳላት ስላየች ነው። አንተም ክፍል ውስጥ ስትናገር እንደዛው ነበርክ፣ ክፉ ልጅ አይደለህም፣ የሚከደነው እንጀራ ካንተ ተከድኖ አያውቅማ።

ደሞ ይሄ እኔ አሁን ያመጣሁት የሰለጠነ ወሬ እንዳይመስልህ። እዛው ደጃችሁ አንጎለላ የተወለዱት አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ብረት የሚሰራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሰራውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ ባለሙያን አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ንጉሥ በአዋጅ የሚከለክለው የሌለ ነገር አይደለም መቼም። ከዛ ወዲህ መቶ ዓመት አለፈ፣ ስድቡ ከአደባባይ ቀነሰ፣ ጋብቻ ሲነሳ ግን «የማን ዘር ናት?» የሚለው ይመጣል፣ አታውቀውም እንዳትለኝ።

አሁን ወደጠየቅከኝ ልምጣ። ክፍል ውስጥ ቆመህ ይቅርታ አትበላት! ምክንያቱም ይቅርታው ላንተ ነው የሚሆነው፣ ደግመው ያጨበጭቡልሃል፣ እሷ ደሞ ሠላሳ ልጅ ዞሮ እያያት ምን ልትል ነው? «እሺ» ከማለት ውጪ ምርጫ የላትም። የሸክላ ሰሪ ልጅ መሆኗን ያላወቀም በዛው ያውቃል። ለብቻዋ ስታገኛት ያልከውን አስታውሰህ «ያልኩት ውሸት ነበር፣ ምጣዱም እኛ ቤት አለ» በላት፣ ብትቆጣህ ቁጣዋን ስማ፣ ዝም ካለችህም አትጨቅጭቃት። ስለ ሸክላ ሰሪዎች ክለቡ ላይ ንግግር አድርጊልን ብላችሁም እንዳትለምኗት፣ የምታስተምራችሁ እሷ አይደለችም፣ ልትማር ነው የመጣችው።

ከባዱ ስራ ያለው እናንተ ቤት ነው። እናትህን አትስደብ፣ እኔም አያቴን አልሰድብም፣ ግን ቡና ሲፈላ ጠብቀህ እማዬ ይቺ ጀበና ማን ሰራት ብለህ ጀምር። ይከብዳል፣ መጀመሪያ ቀን ዝም በል ትልሃለች። አንድ ቀን ልጅቷና እናቷ ጠርተውህ እነሱ ቤት ቡና ከጠጣህ ደሞ እንደማንኛውም ቤት ጠጣ፣ ፎቶ አንስተህ እንዳትለጥፍ አደራህን።

ጥያቄ፦ ልጄ ለብሔራዊ ፈተና ማጥናት ትቶ ስለ አሜሪካ ጥቁርና ነጭ ልብወለድ ያነባል። እኛ አድዋ ላይ ነጭን ያሸነፍን ሕዝብ ነን፣ ይሄ ምን ያገባናል? — አባት፣ ሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ፈተናው ልክ ነዎት፣ ሰዓት ይለይለት፣ ግን እንግሊዝኛውንም በዚሁ ነው የሚያሻሽለው፣ ከሽምደዳ ይሻለዋል።

አድዋን ካነሱልኝ፣ 1888 ላይ የሆነው ነገር እነዛ ሰገነት ላይ የታጨቁትን ሰዎች ኢትዮጵያን ቀና ብለው እንዲያዩ አድርጓቸዋል፣ ስለዚህ ያገባናል። ሌላም የሚያገባን ነገር አለ፣ እርስዎ ካሉበት ሩቅ አይደለም። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ትልቋ የንግድ በር ነበረች፣ ጨውና ጨርቅ ይገባባታል፣ ቡና ይወጣባታል፣ ከቡናው ጋር በዛው መንገድ ወደ ባህር የሚነዳ ሰውም ነበር። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሰረዘው በ1934 ዓ.ም ነው፣ ሰነፍ ልጅ ሲቆጡ ወይም ጠቆር ያለ ሰው ሲያዩ ከአፋችን የምታመልጠዋ ቃል ግን እስካሁን አልተሰረዘችም። ልጅዎ አንብቦ ሲጨርስ እርስዎም ይዋሱት፣ ካልወደዱት እኔን ይስደቡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ የክለቡ አስተማሪ ነኝ። መጽሐፉ ውስጥ ጥቁሮችን የሚሰድቡበት ያ ቃል ብዙ ቦታ አለ፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምን እናድርገው? ልጆቹ ከፊልምና ከራፕ ስለሚሰሙት ይስቃሉ።

መልስ፦ መምህር፣ ያንተ ራስ ምታት የብዙዎች ነው፣ በዚሁ ቃል ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2017 ሚሲሲፒ፣ ቢሎክሲ ከተማ ውስጥ መጽሐፉን ከ8ኛ ክፍል ንባብ አውጥተውት ነበር። እኔ ማውጣቱን አልደግፍም። ግን ጮክ ብላችሁም አትጥሩት፣ እዛ ስትደርሱ ለአፍታ ዝም በሉና እለፉ። ከሳቁ አንድ ቀን ብቻ፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ በአማርኛ ብንተረጉመው የትኛው ቃላችን ነው የሚሆነው ብለህ ጠይቃቸው። ባለፈው እንደዚህ ጠይቄ ክፍሉ ጸጥ ብሎብኛል፣ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፣ እንዳይሉት ግን አንደበታቸው ተያዘ። የእንግሊዝኛው የሚያስቀን እኛን ስላላቆሰለ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ የኛ ፒዲኤፍ ፍርዱ ካለቀ በኋላ ይቆረጣል። ያ ከቤቱ የማይወጣው ቡ ራድሊ ምን ሆነ? ፊልምስ አለው? — 10ኛ ክፍል

መልስ፦ ፊልም አለው፣ እ.ኤ.አ. የ1962 ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ አቲከስን ሆኖ የሰራው ግሪጎሪ ፔክ ኦስካር ወስዶበታል።

ፒዲኤፋችሁ ግን ዋናውን ነው የቆረጠባችሁ! ቦብ ዩዌል ቂሙን ይዞ በጨለማ የአቲከስን ልጆች ሊገድል ይመጣል፣ ያዳናቸው ያ ሲፈሩት የኖሩት ቡ ነው፣ ዩዌል ቢላዋ ጎኑ ላይ ተሰክቶበት ይገኛል። ሸሪፉ ታዲያ በዛች ሌሊት በረንዳ ላይ ቆሞ ዩዌል ራሱ ቢላዋው ላይ ወደቀ ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፣ ዓይን አፋሩን ሰውዬ ወደ አደባባይ ማውጣት ኃጢአት ነው ይላል። ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዛሬም ደስ ይለኛል፣ ግን ክለባችሁ ይሄን ይነጋገርበት፣ ለነጩ ለቡ ሕግ በአንድ ሌሊት በረንዳ ላይ ታጠፈ፣ ለቶም ግን የሞተ እጁን ለችሎቱ ሁሉ አሳይቶ እንኳ አልታጠፈም። ደራሲዋ ሆን ብላ ነው ወይስ ሳታስበው? እኔ ሆን ብላ ነው ባይ ነኝ፣ ያ ከሁሉ የሚጣላው ልጅ ምን እንደሚል ጻፉልኝ።

ሙሉውን ፎቶኮፒ በደብረ ብርሃን ሚኒባስ እልክላችኋለሁ፣ ሽሮ ሳታስነኩ መልሱልኝ።