ባሕር ማዶ ጡረታ ለመውጣት ለምታስቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ስለ ጡረታ ማሰብ ሩቅ እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን እርጅናውን በሰው አገር ሊያሳልፍ ያሰበ ሰው ከአየሩና ከኑሮው ርካሽነት በፊት የሁለት መንግሥታትን ሕግ ማጥናት አለበት፤ አበል የሚከፍለውንና መኖሪያ የሚፈቅደውን። ሁለቱም ሳያማክሩት ሕጋቸውን ይቀይራሉ።

ከአበሉ ልጀምር። የእንግሊዝ መንግሥት የጡረታ አበል በየዓመቱ ይጨምራል፤ ጭማሪውን ማግኘት አለማግኘት ግን በሚኖሩበት አገር ይወሰናል። ናያግራ ፏፏቴ አጠገብ በአሜሪካ በኩል የተቀመጠ ጡረተኛ ጭማሪው ይደርሰዋል። ወንዙን ተሻግሮ ካናዳ የሚኖረው ግን አበሉ ባለበት ይቆማል፤ ምክንያቱም ስለ ጭማሪው ከአሜሪካ ጋር ስምምነት አለ፣ ከካናዳ ጋር የለም። ሁለቱም እኩል ዓመት ሠርተው እኩል መዋጮ ከፍለው ሊሆን ይችላል! ዋጋ በየዓመቱ 3 በመቶ ቢጨምር፣ ባለበት የቆመ 100 ከ20 ዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ 55 የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው። ይህ በደል ነው እላለሁ፤ እስኪታረም ድረስ ግን አገር ስትመርጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የመኖሪያ ፈቃዱም እንዲሁ ነው። ታይላንድ ዕድሜው 50 ከሞላ ጡረተኛ 800,000 ባት የባንክ ተቀማጭ ወይም 65,000 ባት የወር ገቢ ትጠይቃለች። ብዙዎች ገቢያቸውን የሚያስመሰክሩት በኤምባሲያቸው ደብዳቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መግቢያ ላይ የአሜሪካና የእንግሊዝ ኤምባሲዎች ደብዳቤውን መስጠት ሲያቆሙ፣ ገንዘባቸውን በየወሩ ወደ ታይላንድ ባንክ ያላስገቡ ሰዎች ማስረጃ አጡ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚበቃ መጠባበቂያ ያዙ፤ ቤት ለመግዛትም አትቸኩሉ።

ግብርም አለ። ፖርቱጋል የውጭ ጡረተኞችን በግብር ነፃነት ስትጋብዝ ቆይታ በ2020 አዲስ በሚገቡት ላይ 10 በመቶ ጣለች፤ በ2024 ደግሞ ያንኑም ለአዲስ አመልካቾች ዘጋችው።

አበል በወረቀት ጉድለትም ይቋረጣል። ከፋዩ መሥሪያ ቤት በየጊዜው በሕይወት ስለመኖራችሁ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ቅጹ ወደ ቀድሞ አድራሻ ይሄዳል፣ በፓስፖርትና በጡረታ መዝገብ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ ይለያያል፣ ወይም የፈረመው ባለሥልጣን ተቀባይነት የሌለው ሆኖ ይገኛል፤ ክፍያውም ይቆማል። አድራሻ በለወጣችሁ ቁጥር በዚያው ሳምንት አሳውቁ። ስማችሁም በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጻፍ፤ ዛሬ ማስተካከል በ70 ዓመት ከማስተካከል ይቀላል።

የሥራ ዘመናችሁንም አሁኑኑ መዝግቡ። በአሜሪካ ለጡረታ ብቁ የሚያደርገው መዋጮ 40 ነጥብ፣ ማለትም በአብዛኛው 10 የሥራ ዓመት ነው። ማኅበራዊ ዋስትናን የሚመለከት ስምምነት ባላቸው አገሮች የሠራችሁት ሊደመርላችሁ ይችላል፤ ያለ ስምምነት ግን 9 ዓመት የሠራ ሰው አበል ላያገኝ ይችላል። የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። አሠሪ ሲከስር ወይም መዝገብ ሲጠፋ ምስክራችሁ እሱ ነው።

ለሕክምናም አስቡ፤ ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከአገር ውጭ ለተደረገ ሕክምና በጥቅሉ አይከፍልም።

በመጨረሻም የመምረጥ መብታችሁን ጠብቁ። እንግሊዝ ከ15 ዓመት በላይ ውጭ የኖሩ ዜጎቿን ከምርጫ ታግድ ነበር፤ ገደቡ የተነሣው በጥር 2024 ነው። ለብዙ ጡረተኞች የአበላቸው መጠን የሚወሰነው ድምፅ መስጠት በማይችሉበት ምክር ቤት ነበር። ወደ ውጭ ስትወጡ ከምዝገባው እንዳትሰረዙ፣ የፖስታ ወይም የውክልና ድምፅ አሰጣጡን ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት ጨርሱ።