ሸክላውን ከማጫወትዎ በፊት ያንብቡት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ስለ ድሮ ሸክላ የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል። አንዳንዱን ጥያቄ አሳጥረነዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ ከአዲስ አበባ ያመጧቸው አሥራ አንድ ትንንሽ ሸክላዎች አሉን። አምስቱ ላይ «አምሃ ሪከርድስ» ይላል። አባቴ «በ1963 ነው የገዛኋቸው» ይላሉ፤ ፈረንሣይ አገር እንደገና የታተመው ሲዲ ግን የዚያን ዘመን ሙዚቃ «1969–1975» ይለዋል። አባቴ ዘመኑን ረስተውት ይሆን? አንዱ ሸክላ ደግሞ ሕንድ አገር እንደተሠራ ይናገራል። ዘፋኞቻችን ሕንድ ሄደው ነበር እንዴ? በየሸክላው የትኛው ባንድ እንደተጫወተስ በምን ልወቅ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ አባትዎ አልረሱም። ሲዲው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እርሳቸው የሚቆጥሩት በእኛ። 1963 ዓ.ም. ከመስከረም 1970 እስከ መስከረም 1971 እ.ኤ.አ. ያለው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህ ስህተት በሸክላ ሻጮችም ዘንድ በየቀኑ ይታያል። «1969» የሚል ያየ ሰው «የደርግ ዘመን ሸክላ» ብሎ ይሸጠዋል። በእኛ 1969 ሲብት ግን የአምሃ ሪከርድስ ባለቤት አምሃ እሸቴ አገር ለቆ አሜሪካ ከገባ ቆይቷል፤ የሄደው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የአምሃ ሸክላ በኛ አቆጣጠር የ1969 ሊሆን አይችልም። ከፈረንጁ ቁጥር ከጥር እስከ መስከረም መጀመሪያ 8፣ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 7 መቀነስ ነው።

የታሪኩ አመጣጥ አጭር ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ሥራን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምሃ የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው። ወጣቱ የሚፈልገው ዘፈን በሸክላ አለመውጣቱን አይቶ በ1969 እ.ኤ.አ. ድንጋጌውን ወደ ጎን ትቶ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ የታተመውም ሕንድ ነው። የሕንዱ ጉዳይ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ሸክላ የሚጨምቅ ፋብሪካ እኛ ዘንድ አልነበረም፤ የተቀዳው ቴፕ በአውሮፕላን ወደ ውጭ ይላካል፣ ሸክላው በጭነት ይመለሳል። ኋላ ላይ ሊባኖስም ታትሟል። ወረቀቱ ላይ ያለው የአገር ስም እንግዲህ የተጨመቀበት ነው እንጂ የተዘፈነበት አይደለም። ዘፈኑ የተቀዳው አዲስ አበባ ነው።

አምሃ እስኪሄድ ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አሳትሟል። ከነዚህ ውስጥ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የሙላቱ አስታጥቄ አልበም ቁጥሩ ኤ.ኢ.ኤል.ፒ. 90 ነው። ዓሊ አብደላ ኬይፋ፣ ብዙዎች ዓሊ ታንጎ የሚሏቸው፣ የራሳቸውን ሸክላ ማሳተም የጀመሩት በ1973 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስከ 1977 ቀጥለዋል። ፊሊፕስም በዚያው ዘመን እዚሁ ያሳትም ነበር። ከዚያ በኋላ የሰዓት እላፊውና ካሴቱ ተባብረው ሸክላን አወረዱት።

ከአምስቱ የአምሃ ሸክላዎች የትኛው ባንድ እንደተጫወተ ለማወቅ መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡ። ዘፋኙ በትልቁ ይጻፋል፤ አቀናባሪው ወይም ባንዱ ከሥሩ በትንሹ። ግርማ በየነን በዘፋኝነት የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ በአቀናባሪነት ግን ብዙ ሸክላ ላይ ያገኙታል። ዘፋኙ የመጣበትም ቤት ፍንጭ ይሰጣል፤ ዓለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ ነው የመጡት። ይህ ግን ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ቀጥሎ ሸክላውን ወደ ብርሃን ያዘንብሉና ዘፈኑ አልቆ ወረቀቱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ለስላሳ ቀለበት ይዩ። እዚያ ላይ በእጅ የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥር አለ፤ የፋብሪካው ነው። የመሐሉ ወረቀት ሸክላው ሲጨመቅ አብሮ ይገባል እንጂ በኋላ አይለጠፍም፤ ስለዚህ ሠራተኛው የሀ እና የለ ገጽን ወረቀት ካለዋወጠ ሸክላው ለዘላለሙ ተዛውሮ ይቀራል። «ይህ ዘፈን የተጻፈው አይደለም» ካሰኘዎ ሁለቱን ገጽ አጫውተው ከቀለበቱ ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩ ከወረቀቱ ይልቅ የሚታመን ነው።

ጥያቄ፦ የአያቴ ሸክላዎች በሳጥን ውስጥ ሦስት ክረምት ከርመው ነጭ ነጭ ሻጋታ አወጡ። ጎረቤታችን «በአልኮል ጥረጊው» አሉኝ። ልጥረገው? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ የሸክላውን ዓይነት ሳይለዩ አይንኩት። ሁሉንም ሸክላ እንበለው እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በደቂቃ 78 ዙር የሚዞረው ወፍራሙና ከባዱ፣ በአብዛኛው 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከሼላክ የተሠራ ነው፤ ሼላክ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው። በጥፍርዎ ሲያንኳኩት እንደ ጀበና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ከወደቀም እንደ ጀበና ነው የሚሰበረው። ባለ 45ቱ ትንሹ፣ ከ17 ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚያልፈው፣ ፕላስቲክ ነው፤ ሲያንኳኩት ድፍን ያለ ድምፅ አለው።

አልኮል ሼላክን ያሟሟል። አንድ ጊዜ ከጠረጉት ጨርቁ ይጠቁራል፤ ጨርቁ ላይ ያለው ዘፈኑ ነው። ስለዚህ ባለ 78ቱን በአልኮል በፍጹም አይጥረጉ። ለፕላስቲኩ የተበረዘ ይፈቀዳል፤ ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል አንድ እጅ በሦስት እጅ ንጹሕ ውሃ መበረዝ ይበቃል። ቀለም ወይም ሽቶ ያለበት አይሁን። ካቲካላም አይሆንም፤ ጠይቀውናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ውጭ ይውጡ፤ ሻጋታው ቤት ውስጥ ከተበተነ ሌላውንም ሸክላ ይይዛል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ሻጋታውን ያራግፉ። ከዚያ አንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ይያዙ። ባሕር ዳርም ጎርጎራም መለዋወጫ ሱቆች «የባትሪ ውሃ» ብለው ይሸጡታል፤ አሲዱን እንዳይሰጡዎ ግን ጠርሙሱን አይተው ይግዙ። የቧንቧውም የሐይቁም ውሃ አይሆንም፤ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ጨው ቦዩ (ዘፈኑ የተቀረጸበት ቀጭን መስመር) ውስጥ ይቀርና መርፌው ሲያልፍበት ጠሽ ጠሽ ይላል። ውሃው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ተራ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይጨምሩ። በመሐሉ ወረቀት ላይ የቆርቆሮ ክዳን ደፍተው ይያዙት፤ ወረቀቱ ከራሰ ይላጣል፣ ከላይ የነገርንዎ መረጃም አብሮ ይሄዳል። በአዲስ ስፖንጅ ቦዩን ተከትለው በክብ ይጥረጉ፤ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ አይሁን። ሳሙና በሌለበት የባትሪ ውሃ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁና ጥላ ውስጥ አቁመው ያድርቁ። ፀሐይ ላይ ካደረጉት ይጎብጣል፤ ቀትር ላይ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይም መኪና ውስጥ የተተወ ሸክላ እንደ ምጣድ እንጀራ ዳሩን ያነሣል።

የሻገተውን የውስጥ ወረቀት ይጣሉ፤ የውጭውን ልባስ ግን አራግፈው ያስቀምጡ። ሲያከማቹ እንደ መጽሐፍ ያቁሟቸው፤ ካነባበሩ የታችኛው ይጎብጣል። ሳጥኑን ከወለል ከፍ አድርገው ከውጭ ግድግዳ ያርቁት። በክረምት ፌስታል ውስጥ አጥብቆ ማሰር እርጥበቱን አብሮ ማሰር ነው። ዕጣን ማጨስም ሻጋታ አይገድልም፤ ጭሱ ሸክላው ላይ ቅባት ይጥላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሸክላ ማጫወቻ አመጣልኝ። ትራንስፎርመር ገዝቼ ሰካሁት፣ ይሠራል፤ ግን ሴት ዘፋኟ ወንድ ሆነችብኝ። ሸክላው ነው ወይስ ማሽኑ? (ከፖሊ አካባቢ)

መልስ፦ ማሽኑ ነው። ትራንስፎርመሩ 220ውን ቮልት ወደ 110 ያወርዳል፤ የማይነካው ነገር ግን ድግግሞሹ፣ ማለትም መብራቱ በሰኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ ነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፤ እኛ ጋ 50። የድሮ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ስለዚህ 45 መዞር የሚገባው 37.5 ይዞራል፤ ዜማው ከሦስት ግማሽ ቃና በላይ ይወርዳል። አንዲት ትንሽ ወረቀት ሸክላው ዳር ላይ አስቀምጠው በስልክዎ ሰዓት 60 ሰኮንድ ይቁጠሩ። 37 ወይም 38 ዙር ካገኙ ምክንያቱ ይህ ነው። 43 ወይም 44 ካገኙ ቺንጋው ረግቧል ወይም የሞተሩ ቅባት ደርቋል።

መፍትሔው ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ፑሌጃ ናት። የሷ ስፋት በ20 በመቶ መጨመር አለበት፤ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነች 12። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለ50 ኸርዝ የሚሆነውን ለብቻው ይሠሩ ነበር፤ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከናስ ያስቀርጹ። ፑሌጃዋ ለ33 እና ለ45 ሁለት ደረጃ ካላት ሁለቱም ይስፉ። መሐሏ በትክክል ካልተበሳ ዜማው ይንቀጠቀጣልና ለሠራተኛው ይህን አስረድተው ይስጡ። በባትሪ ወይም በዲሲ ሞተር የሚሠሩ አዳዲስ ማጫወቻዎች ይህ ችግር የለባቸውም። በዝግታ ቀድተውት ከነበረ ደግሞ አይጣሉት፤ ኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱን በ1.2 ያባዙት።

ጥያቄ፦ ትልቅ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ማጫወቻዬ ላይ ይንቀዋለላል። (ከባሕር ዳር፣ ፔዳ)

መልስ፦ ትልቁ ቀዳዳ 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማጫወቻዎ እንብርት 7 ያህል። መሐል የሚገባ አዳፕተር ያስፈልጋል። ወረቀት ጠቅልለው አይጎስጉሱ፤ ሸክላው አንድ ሚሊ እንኳ ከመሐሉ ከወጣ ዜማው ይዋኛል።

ጥያቄ፦ የዘፈኑ መጀመሪያ ጥርት ብሎ ወደ መጨረሻው ሳክስፎኑ ይሰነጠቃል። የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ ከባንዱ በጣም ይቀድማል። ያኔ ሲቀዱ ነው የተበላሸው? (ከዘጌ)

መልስ፦ ሁለቱ ጉዳዮች የተለያየ ምክንያት አላቸው። ሸክላው ሁልጊዜ እኩል 45 ይዙር እንጂ ቦዩ በመርፌው ሥር የሚያልፍበት ፍጥነት ከዳር ወደ መሐል ይቀንሳል። ባለ 45 ሸክላ ዳር ላይ በሰኮንድ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ ወረቀቱ አጠገብ ሲደርስ ወደ 25 ይወርዳል። የሳክስፎንና የጥሩምባ ቀጭን ድምፅ በዚያች ጠባብ ቦታ ይጨመቃል፤ ያረጀ መርፌ ያንን መከተል ያቅተዋል። አዲስ መርፌ ያስገቡና እንደገና ይስሙ። ያኔም ከተሰነጠቀ የድሮ ማጫወቻ ከባድ ክንድ (መርፌውን የሚይዘው) ፈጭቶታል ማለት ነው፤ ያ አይመለስም። መርፌው ለባለ 45 ጫፉ ከ18 እስከ 25 ማይክሮን ሊሆን ይገባል። ለ78ቱ የሚሆነው 75 ያህል ስለሆነ አይቀያይሩ፤ ወፍራሙ ቀጭኑን ቦይ ይፈጫል፣ ቀጭኑ ወፍራሙ ቦይ ወለል ላይ እየተንሸራተተ ቆሻሻ ያነባል።

ዘፋኙ መቅደሙ ግን የአቀዳዱ ጠባይ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ቀድቶ ኋላ ማመጣጠን የለም፤ ባንዱና ዘፋኙ አንድ ላይ ይጫወታሉ፣ ሚዛኑ የሚወሰነው ማን ለማይክሮፎኑ ምን ያህል ቀረበ በሚለው ነው። ጥሩምባው ራቅ ይላል፣ ዘፋኙ ይቀርባል። ጥሩምባ ነፊው መጨረሻ ላይ ቢስት ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይደገማል። አንድ ገጽ በቅጡ የሚይዘውም አራት ደቂቃ ያህል ነው፤ ባሱ በበረታ ቁጥር ቦዩ ይሰፋል፣ ጊዜው ያጥራል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚሄድ ዜማ ሸክላ ላይ ሦስት ስንኝና አንድ የሳክስፎን ጨዋታ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ቃሉ እንዲሰማ ዘፋኙን ማስቀደማቸው በእኛ ግምት ትክክል ነበር፤ ያኔ የሚሰማው በአንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነበርና።

ጥያቄ፦ ወደ ስልክ ልገለብጣቸውና ለዘመድ በቴሌግራም ልልክ እፈልጋለሁ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መርፌው የሚሰጠው ድምፅ በጣም ደካማ ስለሆነ ፎኖ ማጉያ ያስፈልጋል፤ ተራ የማይክ መግቢያ ላይ ቢሰኩት ባስ የሌለው ጩኸት ነው የሚያገኙት። ዝም ሲል ወፍራም እምምታ ካለ የማጫወቻውን የመሬት ሽቦ ከማጉያው ጋር ያገናኙ። በዋቭ፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ ይቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ ይቁም። ደቂቃው 35 ሜጋ ባይት ያህል ይበላል፤ አራት ደቂቃ ገጽ 140 ገደማ። ሸክላው ሞኖ (በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው) ከሆነ ሁለቱን ቻናል አንድ ላይ ይደምሩት፤ ጫጫታው ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ቅጂ ጠሽታውን ሳያጸዱ ያስቀምጡ፤ ማጽጃው የጥሩምባውንም አፍ አብሮ ይቆርጣል። የሁለቱን ገጽ ወረቀትና የቀለበቱን ቁጥር ፎቶ አንሥተው ከፋይሉ ጋር በአንድ ማኅደር ያኑሩ። ቴሌግራም ላይ «ፋይል» ብለው ይላኩ።

ለራስዎ መገልበጥና ሕዝብ ፊት ማውጣት ግን አንድ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአሳታሚው መብት በቅጂው ላይ 50 ዓመት ይቆያል፤ የደራሲው ደግሞ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ 50 ዓመት። ዩቲዩብ ላይ ከመጫንዎ በፊት የዜማና የግጥሙን ባለቤት ወይም ወራሾቹን ይጠይቁ፤ ስማቸው ወረቀቱ ላይ በትንሹ የተጻፈው ነው።